የላይኛው መንጋጋ አጥንት በትንሹ ሲሸሽ ምን ይደረጋል?

ጥርስ ላሳጥብ ብለው ገብተው፣ ራጅ ተነሥተው፣ «የላይኛው መንጋጋ አጥንትዎ ትንሽ ሸሽቷል» ከተባሉ አይደንግጡ። ጥርስዎ ነገ አይወልቅም። ግን ዝም ብለው የሚተዉትም አይደለም። የሸሸው አጥንት በአብዛኛው ተመልሶ አያድግም፤ የሚቻለው የቀረውን ባለበት ማቆየት ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን ይጠይቁ። «ትንሽ» ስንት ነው? የጥርስ ሐኪሞች አሁን በሚጠቀሙበት አመዳደብ፣ የጠፋው አጥንት ከጥርሱ ሥር ርዝመት 15 በመቶ ካልሞላ የመጀመሪያ ደረጃ ይባላል። ራጁ ብቻ አይበቃም፤ በድድዎና በጥርስዎ መሃል ያለውን ጥልቀት በቀጭን መለኪያ ይለኩልዎ። በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ 6 ቦታ ይለካል። ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ደህና ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በድዱና በጥርሱ መሃል ኪስ ሊኖር ይችላል። ልኬቱ የተጻፈበትን ወረቀት በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። ክሊኒክ ቢቀይሩ እንኳ የሚያመሳክሩት ይኖርዎታል።

ምክንያቱንም ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ የድድ በሽታ ነው። ቦታው ጥርስ ያስነቀሉበት ከሆነ ግን አጥንቱ በራሱ ይሳሳል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

የድድ በሽታ ከሆነ ቀጣዩ እጥበት ነው። ላይ ላዩን ሳይሆን፣ ከድድ በታች በሥሩ ላይ የጠጠረውን ቆሻሻ ፍቆ የሚያነሣው። ማደንዘዣ ሊወጉ ይችላሉ። ለጥቂት ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ጥርስዎን ጠዝጠዝ ያደርገዋል። በጥርስዎ መሃልም አዲስ ክፍተት የተከፈተ ይመስልዎታል። «እጥበት ጥርስ ያሳሳል» የሚባለው ወሬ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ክፍተቱ ድሮም ነበረ። የደፈነው የጠጠረው ቆሻሻና ያበጠው ድድ ነበር።

ዋናው ሥራ ግን ቤት ነው፤ በተለይ ማታ ማታ። ለስላሳ ብሩሽ ይያዙ። ጠጉሩን ወደ ድዱ፣ ማለትም ወደ ላይ፣ 45 ዲግሪ ያህል ያዘንብሉትና በትንሽ በትንሹ ያንቀሳቅሱት። አይፈትጉ። ከላይ ያሉት የመጨረሻዎቹ ጥርሶች ጋ ሲደርሱ አፍዎን ግማሽ ያህል ይዝጉ። አፍ በደንብ ሲከፈት ጉንጭ ይወጠርና ብሩሹን አያስገባም። ብዙ ሰው እዚያ ጋ የሚሸነፈው በዚህ ነው።

ከዚያ የጥርስ መሃል። ከላይ ያሉት ትልልቆቹ ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሥር አላቸው። አጥንቱ እየሸሸ ሥሮቹ የሚለያዩበት ቦታ ላይ ከደረሰ ማጽዳቱ መከራ ነው። ሳይደርስ መያዝ ይሻላል። ጠባቡ ቦታ ላይ የጥርስ ክር፣ ሰፋ ያለው ላይ ደግሞ ለጥርስ መሃል የተሠራችው ትንሽዬ ብሩሽ ትግባ። መፋቂያ ለፊት ለፊቱ ጥሩ ነው፤ መሃል ግን አይደርስም። ስቴኪኒ ሥጋ ለማውጣት ይሁንልዎት እንጂ ድድ አይውጉበት። መጀመሪያ አካባቢ ቢደማ አያቁሙ። በትክክል ካጸዱ በአንድ ሁለት ሳምንት ይቀንሳል።

የሚያጨሱ ከሆነ «ድዴ አይደማም» ብለው አይጽናኑ። ሲጋራ መድማቱን ይደብቃል፤ በሽታውን ግን ያባብሰዋል። ስኳር ካለብዎትም መቆጣጠሩ ለአጥንቱ ጭምር ነው።

ከእጥበቱ 2 ወይም 3 ወር በኋላ ተመልሰው ያስለኩ። ጥርስ ከተነቃነቀ ወይም ከድድ መግል ከወጣ ቀጠሮ አይጠብቁ። ያለዚያ ስልክዎ ላይ ያለውን ፎቶ ከአዲሱ ልኬት ጋር ያስተያዩ። 5 የነበረው 3 ከሆነና ሲነካ ካልደማ፣ ይዞልዎታል። ካልወረደ ያ ቦታ ብቻ ዳግም ይጸዳል።