ሃይሮግሊፍ የሚለውን ቃል እንዴት ፈታታችሁ እንደምትረዱት

የጥንት ግብፃውያን ጽሑፍ የሆነው ሃይሮግሊፍ ምንድን ነው ሲባል አብዛኛው ሰው «የስዕል ጽሑፍ» ብሎ ያልፈዋል። ቃሉ ውስጥ ግን ስዕል የሚል ነገር የለም። ለሁለት ክፈሉት፦ ሃይሮ እና ግሊፍ። ሁለቱም ግሪክኛ ናቸው። «ሂዬሮስ» ቅዱስ ማለት ነው፣ «ግሊፌይን» ደግሞ መቅረጽ፣ ማለትም ድንጋይ ወይ እንጨት በመሮ መፈልፈል። ስለዚህ ቃሉ የሚለው «የተቀደሰ ቅርጽ» ነው። እንዳይጠፋባችሁ ዘመዶቹን ያዙ፤ ለሥልጣን ተዋረድ የምንለው ሃይራርኪ የፊተኛውን ግማሽ ይጋራል፣ የኮምፒውተር ፊደል የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ እያንዳንዱን ቅርጽ ግሊፍ ይሉታል።

ስሙን ያወጡት ግብፃውያን አይደሉም። ግሪኮች ናቸው፤ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ስላዩት ያዩትን ሰየሙ። ባለቤቶቹ «ሜዱ ኔቸር» ይሉት ነበር፣ የአምላክ ቃል ማለት ነው። ለደብዳቤና ለሂሳብ የሚሆን፣ ፓፒረስ በሚባል ከደንገል በተሠራ ወረቀት ላይ በቀለም ቶሎ ቶሎ የሚጻፍ ሌላ አጻጻፍም ነበራቸው።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንግባ። መጀመሪያ ከየት ወዴት እንደሚነበብ ለዩ። ወፉን፣ አንበሳውን ወይም ሰውዬውን ፈልጉና ፊቱ ወዴት እንደዞረ እዩ፤ የሚያየው ወደ መስመሩ መጀመሪያ ነው። ወደ ቀኝ ካየ ከቀኝ ትጀምራላችሁ፣ ወደ ግራ ካየ ከግራ።

ቀጥሎ አንድ ምልክት ብቻ ያዙ፤ እኔ የምመክረው ቤትን ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ ታች በኩል እንደ በር ክፍት ነው። ድምፁ «ፕር» ነው፣ አናባቢ አይጽፉምና። ሥሩ አንዲት ቀጥ ያለች ጭረት ካለች ራሱ ቤቱ ማለት ነው። ያችኑ ቤት ግን ከአፍ ምልክትና ከሚራመዱ ሁለት እግሮች ጋር ካገኛችኋት «መውጣት» ሆነች። አፏ የ«ር»ን ድምፅ ለማስታወስ ነው የገባችው፣ እግሮቹ አይነበቡም፣ ነገሩ የእንቅስቃሴ እንደሆነ ብቻ ይጠቁማሉ። ጠቅላላው አሠራር እዚህች አንዲት ቃል ውስጥ አለ፦ ስዕሉ አንዳንዴ ዕቃውን ይሆናል፣ አንዳንዴ ድምፅ፣ አንዳንዴም ዝም ያለ ጠቋሚ።

ይሄን ለማወቅ ዓለም ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ቀን ተጽፎበት የተገኘው የመጨረሻው ሃይሮግሊፍ በ394 እ.ኤ.አ. ግብፅ ውስጥ ፊሌ ደሴት ላይ የተቀረጸው ነው። ከዚያ በኋላ ማንበቡ ጠፋ፣ ሰውም ሁሉም ምልክት የተሰወረ ምስጢር ያዘለ ስዕል ነው ብሎ ደመደመ። በ1799 እ.ኤ.አ. የሮዜታ ድንጋይ ተገኘ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ196 የወጣ አንድ አዋጅ በሃይሮግሊፍ፣ ዴሞቲክ በሚባለው የግብፃውያን የዘወትር አጻጻፍና በግሪክኛ ተጽፎበታል። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ሻምፖሊዮን በ1822 እ.ኤ.አ. ቁልፉን ያገኘው ቅብጥኛ ስለሚያውቅ ጭምር ነው፤ የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ቋንቋ የጥንቱ ግብፅኛ ልጅ ነውና። አንድ የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ይህን ያህል ዘመን ድምፁን ጠብቆ ማቆየቱ እኔን በጣም ይነካኛል።

የመጨረሻው ሥራ እቤታችሁ የሚሠራ ነው። የግዕዝን ፊደል በስሙ ጥሩ፦ በ ቤት፣ መ ማይ፣ ረ ርእስ፣ ዐ ዐይን። ቤት፣ ውኃ፣ ራስ፣ ዓይን፤ ሁሉም ሊሳል የሚችል ነገር ነው። ሲና ውስጥ ሰራቢት ኤል ኻዲም በሚባለው የማዕድን ቦታ ሴማዊ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች የግብፅን ስዕሎች ወስደው በራሳቸው ቋንቋ ጠሯቸው። ግብፃዊው «ፕር» ያላትን ቤት እነሱ «ቤት» አሏት፣ የመጀመሪያውን ድምፅ ብቻ አስቀሩ፣ ስዕሏም «ብ» ሆና ቀረች። ያ ፊደል ከብዙ ዘመን በኋላ በደቡብ ዓረብ በኩል አክሱም ደረሰ። ወረቀት አምጡና ዐን ጻፉ፣ ከዚያ ክቡን ትኩር ብላችሁ እዩት። ዓይን ነው።