ጓሮውን ሳትስሉ አታስሉ

ማታ ማታ ስምንተኛ ክፍል የምትማረውን የእህቴን ልጅ ሒሳብ አስጠናታለሁ። ትናንት የያዛት ጥያቄ ይህ ነው፦ «የሬክታንግል ቅርጽ ያለው ጓሮ ርዝመቱ ከወርዱ እጥፍ በ3 ሜትር ይበልጣል። ዙሪያው 36 ሜትር ነው። ወርዱና ርዝመቱ ስንት ነው?»

አንብባ ሳትጨርስ 36ን ለ4 አካፈለች። ያ የሚሠራው አራቱም ጎን እኩል ሲሆን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጓሮውን አሳልኳት።

አጭሩ ጎን ላይ «ወ» ብላችሁ ጻፉ፤ ወርዱን ገና አናውቀውምና። ረጅሙ ጎን ላይ 2ወ + 3 ጻፉ። ለርዝመቱ ሌላ ፊደል አትስጡት፤ ሁለት የማይታወቁ ነገሮች ይዛችሁ ትቸገራላችሁ።

ዙሪያ ማለት ርዝመትና ወርድ ተደምሮ በ2 ሲባዛ ነው፦
2(ወ + 2ወ + 3) = 36
2(3ወ + 3) = 36

እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ይሳሳታል። 2ን በ3ወ ብቻ ያባዛና 6ወ + 3 ይላል፤ መልሱም 5.5 ይወጣለታል። በቅንፍ ውስጥ ያለው ሁሉ ይባዛል፦
6ወ + 6 = 36

ከሁለቱም በኩል 6 ቀንሱ፦ 6ወ = 30። ለ6 አካፍሉ፦ ወ = 5።

ወርዱ 5 ሜትር፣ ርዝመቱ 2 × 5 + 3 = 13 ሜትር። አሁን ወደ ሥዕሉ ተመልሳችሁ ጎኖቹን አንድ በአንድ ደምሩ፦ 5 + 13 + 5 + 13 = 36። እሷ ይህን በጣቷ እየተከተለች ስትደምር ፊቷ በራ።