በአዲስ አገር የመጀመሪያውን የኮሌጅ ሴሚስተር እንዴት መጀመር ይቻላል

በአዲስ አገር ኮሌጅ የገባ ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው በትምህርቱ ክብደት ሳይሆን፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ማንም ሳይነግራቸው የሚያውቁትን አሠራር ባለማወቁ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት የእያንዳንዱን ትምህርት ኮርስ አውትላይን እስከ መጨረሻው ገጽ ያንብቡ። የፈተና ቀኖች፣ የእያንዳንዱ ሥራ ማርክ፣ ዘግይቶ በገባ ሥራ ላይ የሚቀነሰው ነጥብ እዚያ ተጽፈዋል። ቀኖቹን በሙሉ በአንድ ካላንደር ላይ ያስፍሩ፤ ኮርስ ያለ ቅጣት መጣል የሚቻልበትን የመጨረሻ ቀንም ከሬጅስትራር ጠይቀው ይጨምሩበት።

ቀጥሎ ሰዓትዎን ያስሉ። በአውሮፓ የክሬዲት (የትምህርት ክብደት መለኪያ) ሥርዓት የአንድ ዓመት ትምህርት 60 ክሬዲት ሲሆን፣ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይጠይቃል። በአሜሪካ ደግሞ አንድ ክሬዲት ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ የክፍል ሰዓት ሲሆን፣ ለዚያ ሰዓት ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ስለሚታሰብ፣ 12 ክሬዲት የወሰደ ተማሪ በሳምንት 36 ሰዓት ያህል ለትምህርት ያስፈልገዋል። የትርፍ ጊዜ ሥራ ከመያዝዎ በፊት ይህን ስሌት ይሥሩ። በተማሪ ቪዛ የገቡ ከሆነም የሚፈቀድልዎን የሥራ ሰዓት ከዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ያረጋግጡ፤ ደንቡን መጣስ ቪዛን ሊያሳጣ ስለሚችል በጓደኛ ወሬ ላይ መተማመን አይገባም።

ጽሑፍ ሲያዘጋጁ ከሌላ ሰው የወሰዱትን ሐሳብ፣ በራስዎ ቃላት ቢገልጹትም እንኳ፣ ምንጩን ይጥቀሱ።

ከሁሉም በላይ አደራ የምለው መምህሩ ለተማሪዎች በመደበው የቢሮ ሰዓት እንዲሄዱ ነው። ዝምታ አክብሮት ነው ብሎ ያደገ ተማሪ ይህን እንደ ድፍረት ይቆጥረዋል፤ ሰዓቱ ግን የተመደበው ለዚሁ ነው። ችግሩ እስኪከማች ሳይጠብቁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ይሂዱ። ከመሄድዎ በፊት በመጽሐፉ ወይም በማስታወሻዎ ላይ ያልገባዎትን ቦታ በእርሳስ ያስምሩበት፤ «ምንም አልገባኝም» ከማለት ይልቅም «እስከዚህ መስመር ድረስ ገብቶኛል፤ ከዚህ ወደ ቀጣዩ እንዴት እንደተደረሰ ግን አልገባኝም» ይበሉ። በአዲሱ ቋንቋ መናገር ካስጨነቀዎት ጥያቄውን በወረቀት ጽፈው ያንብቡት። መልሱን ሲሰሙ እዚያው ማስታወሻ ይያዙ፤ ከመውጣትዎ በፊትም የተረዱትን መልሰው ለመምህሩ ይንገሩ፤ ያልተግባባችሁበት ነገር ካለ ያን ጊዜ ይታረማል።