መላጊያ ማሽን ከማብራታችሁ በፊት፦ በጅማ ጓሮዬ እንዴት እንደተከልኩት

ማሽኑን የገዛሁ ቀን ከካርቶኑ አውጥቼ አሮጌ ጠረጴዛ ላይ ጫንኩት። ወዲያው አንድ የዋንዛ ጣውላ አጎረስኩት። ሲወጣ እንደ መስታወት ለስልሷል፤ ከመጨረሻዋ 5 ሴንቲ ሜትር በስተቀር። እዚያች ላይ በጣት የሚዳሰስ ጎድጓዳ አለ። ምላጩ ነው ብዬ ምላጭ ቀየርኩ። ያው ነው። ሻጩን በሆዴ ረገምኩት። በኋላ ሲገባኝ ጥፋቱ የማሽኑም የሻጩም አልነበረም፤ እኔ ነኝ በቅጡ ያልተከልኩት።

የማወራው ባንኮ ላይ ስለሚቀመጠው ትንሹ መላጊያ ነው። ወርዱ እስከ 33 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ይውጣል፤ ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንግባባ፦ ይህ ማሽን ውፍረት ያስተካክላል እንጂ የተጣመመ ጣውላ አያቃናም። ጣውላውን የሚጎትቱት ተሽከርካሪ ሮለሮች ተጭነው ያሳልፉታል፣ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ይጎብጣል። ያተረፋችሁት ቀጠን ያለ ጎባጣ ነው። ስለዚህ አንዱን ፊት መጀመሪያ በእጅ መላጊያ አቅኑት። አለበለዚያ ቀጥ ያለ ኮምፔንሳቶ ላይ አስተኙትና ከስሩ ያለውን ክፍተት በሽብልቅ ሙሉት፤ ሽብልቆቹን በኮላ ያዙና ሁለቱን አንድ ላይ አሳልፏቸው።

ከበሩ ትይዩ

የኔ ወርክሾፕ 3 በ4 የሆነች የቆርቆሮ ዕቃ ቤት ናት። 2 ሜትር ጣውላ ለመላግ ግን ከማሽኑ ፊት 2 ሜትር፣ ከኋላውም 2 ሜትር ያስፈልጋል። መፍትሔው ማሽኑን አፉን ወደ ግድግዳ፣ መውጫውን ወደ በሩ አድርጎ መትከል ነው። ረጅም ጣውላ ሲሆን በሩን እከፍታለሁ፤ ጫፉ ግቢ ድረስ ይወጣል። በዚያ ሰዓት ልጆች በበሩ እንዳያልፉ አስጠንቅቁ።

ከበሩ ግን ትንሽ ገባ አድርጉት። የጅማ ዝናብ ክረምትን ብቻ አይጠብቅም፤ ፍንጣቂው ወለሉን አልፎ ጣውላው የሚያልፍበትን የማሽኑን የብረት አልጋ ካገኘው በአንድ ሌሊት ዝገት ነው። እኔ አልጋውን በነጭ ሻማ አሸዋለሁ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ እወለውለዋለሁ። ዝገትም ይከላከላል፣ ጣውላውም እንደ ሳሙና ይንሸራተታል።

ባንኮው ከባድ ይሁን። ከፍታው 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ጣውላ ስታስገቡ ወገባችሁ አይጎዳም። ማሽኑን በአራት ብሎን እሰሩት፤ ከዚያ በሁለት እጅ ይዛችሁ ነቅንቁት። ባንኮው ከተወዛወዘ እግሮቹን በአግድም እንጨት አያይዟቸው።

ያቺ 5 ሴንቲ ሜትር

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። ምላጩ ከፊትና ከኋላው ሮለር አለው። መሀሉ ሲላግ ሁለቱም ሮለሮች ጣውላውን ጨምድደው ይይዙታል። ሲገባና ሲወጣ ግን የሚይዘው አንዱ ብቻ ነው። የዚያኔ ውጭ የቀረው ጫፍ በክብደቱ ወደ ታች ካዘቀዘቀ፣ ውስጥ ያለው ጫፍ ብድግ ብሎ ምላጩ ውስጥ ይገባል። ጎድጓዳው የሚመጣው ከዚህ ነው።

የሚስተካከለው በመግቢያውና በመውጫው በኩል ባሉት ታጣፊ ክንፎች ነው። ከፋብሪካ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ጫፋቸው ዝቅ ያለ ነው። ግንበኛ ልስን የሚያስተካክልበትን ረጅም ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ተዋሱ። ሁለት የኤቲኤም ካርድ ውሰዱ፤ የአንዱ ውፍረት 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱን ካርድ በአልጋው መግቢያ ጠርዝ፣ ሌላውን በመውጫው ጠርዝ ላይ አስቀምጡና አሉሚኒየሙን በላያቸው አጋድሙት። አሁን በክንፉ ስር ያለውን ብሎን ፈታ አድርጋችሁ የክንፉ ውጫዊ ጫፍ አሉሚኒየሙን ነካ እስኪያደርግ አንሱት። ዳዶውን አጥብቁ። ስታጠብቁ ክንፉ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ እንደገና ለኩ። እኔ ሦስት ጊዜ ነው የደጋገምኩት።

እንዲህም ሆኖ ለከባድ ጣውላ እጃችሁን አትሰስቱ። ሲገባ የኋላውን ጫፍ፣ ሲወጣ ደግሞ የፊቱን ጫፍ በትንሹ ደገፍ አድርጉት። ለሁሉም 10 ሴንቲ ሜትር አስረዝማችሁ ቁረጡ።

መብራትና ምጣድ

እነዚህ ማሽኖች ከ1500 እስከ 1800 ዋት ይወስዳሉ። በ220 ቮልት 7 ወይም 8 አምፔር መሆኑ ነው፣ ሲነሱ ደግሞ ከዚያ በላይ ይስባሉ። ለብቻው ከቆጣሪው የመጣ፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ መስመር ይኑረው፤ ኧርዙም ይገናኝ። እኛ ቤት መጀመሪያ ከምጣዱ ጋር አንድ መስመር ላይ ነበር። እናቴ እንጀራ ስትጋግር እኔ ጣውላ ሳስገባ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ከዚያ የማን ጥፋት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ማራዘሚያ ከተጠቀማችሁ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተርትሩት፤ እንደተጠቀለለ ሲጎትት ይግላል።

ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣላችሁ ከሆነ ከኋላው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የ120 ቮልት ማሽን በቀጥታ ሶኬት ላይ ከሰካችሁት ሞተሩ ይቃጠላል። ቢያንስ 3000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል።

ጣውላው ግማሽ ላይ እያለ መብራት ሄደ እንበል። ጣውላውን አትጎትቱ። መጀመሪያ ማጥፊያውን አጥፉ፣ ስፒናውን ንቀሉ፣ ከዚያ ምላጩን የተሸከመውን የማሽኑን ጭንቅላት ከፍ አድርጋችሁ ጣውላውን አውጡት። ማጥፊያውን ከረሳችሁት መብራት የመጣ ጊዜ ማሽኑ ብቻውን ሊነሳ ይችላል፤ እጃችሁ ደግሞ የት እንደሚሆን አይታወቅም።

የቡና ጆንያ

መላጊያ ፍቅፋቂ በብዛት ይተፋል። ማሽናችሁ የራሱ ማራገቢያ ካለው፣ በ10 ሴንቲ ሜትር መውጫው ላይ ቱቦ አድርጉና ጫፉን የቡና ጆንያ ውስጥ እሰሩት። ጅማ ውስጥ የቡና ጆንያ ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። የናይለን ማዳበሪያ አይሆንም፣ አየር ስለማያሳልፍ ፍቅፋቂው ወደ ማሽኑ ይመለሳል። የተመለሰው ፍቅፋቂ ሮለሩ ስር ገብቶ ጣውላውን ይበሳሳዋል። ጆንያው ደቃቁን አቧራ አይይዝም፣ ስለዚህ ማስክ አድርጉ። ፍቅፋቂው ለዶሮ ቤት ይሆናል።

ጆሮም ይሸፈን። አንድ በርጩማ ጠራቢ ጎረቤታችን የመጀመሪያ ቀን ጩኸቱን ሰምተው በአጥር ብቅ አሉና «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ጩኸት ለአንዲት ጣውላ ነው?» አሉኝ። እሳቸው ከአንድ ግንድ ሙሉ በርጩማ ሲያወጡ ድምፃቸው ከግቢያቸው አያልፍም። እሑድ ጠዋት አላበራውም።

የመጀመሪያው ሙከራ

ውድ እንጨት አታስገቡ። ወርዳቸው 5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የግራቪሊያ ቁራጮች ውሰዱ። ከ35 ሴንቲ ሜትር እንዳያጥሩ፤ አጭር እንጨት በሁለቱ ሮለሮች መካከል ይጠመዘዝና ይፈነጠራል። አንዱን በአልጋው ግራ ጠርዝ፣ ሌላውን በቀኝ ጠርዝ በአንድ ልክ አሳልፏቸው። ውፍረታቸውን በካሊፐር ለኩ። ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ካለፈ ጭንቅላቱ አዘንብሏል፣ በመመሪያው መሠረት አስተካክሉት።

ከዚያ ወደ ሥራ። ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ አራግፉ፣ ሚስማር ፈልጉ፤ ከአሮጌ በር የወጣ እንጨት ከሆነ ሁለቴ ፈልጉ። በአንድ ማለፊያ 1 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ሰፊ ዋንዛ ከሆነ ግማሽ ሚሊ። ፊቱ ከተቦጫጨቀ ጫፉን አዙራችሁ አስገቡ። ከሁለቱም ፊት እኩል ላጉ፣ ካለዚያ በነጋታው ታጥፎ ታገኙታላችሁ። ጣውላው ሲገባ ከጎን ቁሙ እንጂ ከኋላው አትቁሙ። ጓንትና ዘርፋፋ እጅጌ ደግሞ እዚህ ቦታ የላቸውም።

አንድ ሰዓት ያህል ከሠራችሁ በኋላ ስፒናውን ንቀሉና የምላጩን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈትሹ። የኔ ሁለቱ ላልተው ነበር። ያን ጫፉ የጎደጎደ ዋንዛ ደግሞ አሳጥሬ ረከቦት ሠራሁበት፤ እናቴ ስኒዎቿን ደርድራበታለች።