ልጆች ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ቃል እንዲያነቡ እንዴት እናስተምራቸው?

ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ ያነባል ማለት አይደለም። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሳይደናቀፍ የሚወርድ የአምስት ዓመት ልጅ ከገበታው መሀል «ሚ»ን ነጥላችሁ ብትጠይቁት፣ ከ«መ» ተነሥቶ «መ፣ ሙ፣ ሚ» እያለ ካልደረሰባት አያውቃትም። የያዘው ዜማውን ነው። ይህን የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ጠንቅቀው ያውቁታል። «ሀሁ» ካለቀ በኋላ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» የሚባለው የተዘበራረቀ ተራ የሚመጣው፣ ዜማው መምራቱን ትቶ ዓይን ራሱ ፊደሉን እንዲለይ ነው።

ችግሩ ጊዜው ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ 231 ሆሄ ይሆናሉ። ያ ሁሉ እስኪያልቅ ልጁ አንድም ቃል ካላነበበ ፊደል ለምን እንደሚጠቅም እንኳን አይገባውም። እኔ የምመክረው በጥቂት ሆሄ ጀምሮ ቃል ማስነበብን ነው፤ ገበታው ቀስ እያለ ይሞላል።

የሚያስፈልገው የማካሮኒ ወይም የሳሙና ካርቶን፣ መቀስና ማርከር ነው። ካርቶን ከሌለ የለስላሳ ቆርኪ ላይ ወረቀት ለጥፉ፤ እሱም ከጠፋ የደጁ አቧራ ይበቃል። በቀን 15 ደቂቃ ትበቃለች፤ ግን ልጁ ጥጃ ሲጠብቅ ውሎ ዓይኑ በእንቅልፍ ሲከደን አይሁን።

መጀመሪያ ጆሮ

ፊደል ከማሳየታችሁ በፊት ለጥቂት ቀናት በድምፅ ተጫወቱ። «በሬ» እያላችሁ በየድምፁ አጨብጭቡ፦ በ፣ ሬ። «ዶሮ»ንም እንዲሁ። ከዚያ «‹ማር› ሲባል መጀመሪያ የሚሰማህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ማ» ካለ በ«ማ» የሚጀምር ሌላ ነገር ይፈልግ። ማሰሮ፣ ማጭድ፣ ማሽላ እያሉ ወንድምና እህት ሲሻሙ ቤቱ ይደምቃል።

ሦስት ሆሄ፣ ሦስት ቃል

በ«ሀ» አትጀምሩ። በአማርኛ «ሀ» እና «ሃ»፣ «አ» እና «ኣ» ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ጀማሪን ግራ ያጋባሉ። በ«ላ»፣ በ«ማ» እና በ«ሳ» ጀምሩ። ራብዕ፣ ማለትም አራተኛው ድምፅ፣ አፍን ከፍቶ የሚነገር ግልጽ ድምፅ ነው።

«ማ»ን በግራ፣ «ሳ»ን በቀኝ በኩል አንድ ስንዝር አራርቃችሁ አስቀምጡ። ልጁ ጣቱን «ማ» ላይ አድርጎ ድምፁን ሳያቋርጥ እየሳበ ወደ «ሳ» ይሂድ። መሀል ላይ ትንፋሹን ከቆረጠ ሁለት የተለያዩ ድምፆች እንጂ ቃል አይሰማውም። ካርዶቹን እያቀራረባችሁ ደጋግሙ። በመጨረሻ «ማሳ!» ሲል «የማን ማሳ ነው?» በሉት፤ ያነበበው የሚያውቀውን እርሻ መሆኑ ይግባው። ከዚያ ካርዶቹን አቀያይሩ፦ «ሳማ»። ሁለት «ማ» ጎን ለጎን ሲሆኑ ደግሞ በቆሎ የሚጠበቅበት «ማማ» ይሆናል። በአንድ ቀን ሦስት ቃል አነበበ ማለት ነው።

ቤተሰቡን ማብዛት

ቀጥሎ ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ከዚያ ሊ፣ ሚ፣ ሲ ይግቡ። ሲሳካላቸው ሎ፣ ሞ፣ ሶ፣ ከዚያም ለ፣ መ፣ ሰ እና ሌ፣ ሜ፣ ሴ። አሁን ሙላ፣ ላሱ፣ ሎሚ፣ ሰማ ይነበባሉ። ምልክቱን በጣቱ ይንካ፦ የ«ሉ» ቅጥያ ወገቡ ላይ፣ የ«ሊ» እግሩ ሥር፣ የ«ሌ» ደግሞ ክብ ናት። «በ» እና «ሰ»ን ግን በአንድ ሳምንት አታምጡ፤ የሚለያቸው ጣሪያው ብቻ ነው፤ የ«በ» ጠፍጣፋ፣ የ«ሰ» ሹል። «በ» እና «ረ» ከሁለት ሳምንት በኋላ ይድረሱ።

ሳድስ

ብዙ ልጅ የሚቆመው እዚህ፣ እንደ «ም» ባለው ስድስተኛው ድምፅ ላይ ነው፤ አትቸኩሉ። «ላም» የሚለውን ቃል ልጁ «ላ... ምእ» ብሎ ይጨርሰዋል፤ ቃሉም ይጠፋበታል። ፊደል ሲቆጥር «ም»ን ለብቻዋ የጠራት እንደዚያ ስለሆነ አይፈረድበትም። መድኃኒቱ አፍ ላይ ነው። «ላ» ካለ በኋላ ከንፈሩን ይግጠምና እዚያው ይቁም። ፊት ለፊቱ ተቀምጣችሁ በራሳችሁ ከንፈር አሳዩት፤ «ላምምም» እያላችሁ ከንፈራችሁን አትክፈቱ። «ሰም»ንም እንዲሁ። ከዚያ «ራስ»ን አምጡ፤ «ስ» እንደ ፉጨት ትሳባለች። ቀጥሎ ማር፣ ሳር፣ በር።

መጨረሻው ከተለመደ ሳድስ መጀመሪያ ላይ ይምጣ፦ ስም፣ ልብ፣ ብር። እዚህ የመጀመሪያዋ ሆሄ ትንሽ ድምፅ አላት፣ ሁለተኛዋ የላትም። ደንቡን አታብራሩለት፤ ቃሉን ስለሚያውቀው ጆሮው ያስተካክለዋል። «ልብስ» እና «ምስር» ይከተሉ።

ካርድ እየቀየሩ መሥራት

«በሬ» ብላችሁ ደርድሩ። «በ»ን አንሥታችሁ «ቡ»ን ተኩ፤ «ቡሬ» ሆነ። ወደ «በሬ» መልሱና አሁን «ሬ»ን በ«ሩ» ለውጡ፤ «በሩ» ይሆናል። አንድ ሆሄ ብቻ ስለሚቀየር ልጁ መገመት አይችልም፤ ማየት አለበት። ከዚያ ሥራውን ለእሱ ስጡት፦ «በር» የሚለውን ይሥራ፣ ከጎኑ «በሬ»ን ያስቀምጥ፣ ያቀራርባቸው። በርበሬ! ይህን ያገኘ ልጅ እናቱን «እማዬ፣ ነይ እዪ!» ብሎ ሳይጠራ አይቀርም።

በዚያው ቃል ላይ መጥበቅና መላላት ይመጣል፤ በ«በሬ» የላላችው «ሬ» በ«በርበሬ» ትጠብቃለች፣ ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው። ፊደላችን ይህን አያሳይም፤ የሚያሳየው ዓረፍተ ነገሩ ነው። በኋላ፣ ፊደላቱ ሲሟሉ፣ «ገና ገና አልደረሰም» ብላችሁ አስነብቡት፤ የትኛው በዓሉ እንደሆነ ራሱ ይለያል።

ከዚህ ወዲያ ተ፣ ነ፣ ደ ይግቡ፤ ቸ፣ ኘ፣ ጀ እና ሸ ከዘመዶቻቸው የሚለዩት አናታቸው ላይ ባለው ሰረዝ ስለሆነ አይከብዱም። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ የመጨረሻ ይሁኑ። ልጁ «ባህር ዳር» ብሎ ቢጽፍ አትቆጡት፤ በ«ሕ» መጻፉን ቀስ ብሎ ይደርስበታል። ቤቱ አውኝኛ የሚነገርበት የአዊ ልጅ ከሆነ ደግሞ በሚያውቃቸው የአውኝኛ ቃላት ጀምሩለት፤ ፊደሉ ያው ፊደላችን ነው፣ የማያውቀውን ቃል ግን ጆሮው ሊያርመው አይችልም።

በየሁለት ሳምንቱ ፈትኑት። «ሚቡላ»፣ «ሶረቢ» የሚሉ ትርጉም የሌላቸው ቃላት በካርድ ደርድሩና ያንብብ። በቃሉ ሊወጣቸው ስለማይችል፣ ካነበባቸው ሆሄውን በእርግጥ ያውቀዋል፤ አዲስ ፊደል ጨምሩ። «ሚቡላ»ን «ሙላ» ብሎ ከዘለለ ግን በ«ሚ» እና በ«ቡ» የሚሠሩ ቃላትን ለሁለት ቀን ደግሙለት።