የቴኒስ ሰርቬ ከመስመር እየወጣ ሲያስቸግረኝ ያደረግኩት

ሦስት ወር ሙሉ ሰርቬ፣ ማለትም ነጥቡን የምጀምርበት ምት፣ ማረፍ ካለበት ሳጥን እያለፈ ሲወጣ አናቴ ዞሮ ነበር። የምጫወተው ሱሉልታ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ብርዱ ራኬት አያስይዝም። "ሁለት ባላ ትከል" ይባል የለ? እኔም ሁለት አሰልጣኝ ያዝኩ። ሁለቱም ባላ አብረው ተሰበሩ። ጋሼ የምላቸው ትልቁ "ልጄ፣ ራኬቱን እንደ መዶሻ ያዝና ወደ ላይ ምታ" ይሉኛል። ወጣቱ ደግሞ "አያያዙን ተወው፣ ከመምታትህ በፊት ኳሷን ወደ ፊት ወርውራት" ይላል። ሁለቱንም በአንድ ምት ላሟላ ስል ደብል ፎልት በደብል ፎልት ሆንኩ፤ ሁለቱም ሰርቭ እየተበላሸ ነጥብ ማጣት ማለት ነው።

በመጨረሻ ሁለት ሳምንት የጋሼን ብቻ ሠራሁ። ራኬቱ ኳሷን ከታች ወደ ላይ ጠርጎ ሲመታት እየተሽከረከረች መረቡን ከፍ ብላ ታልፍና ቶሎ ትወርዳለች። ውርወራውን ከዚያ በኋላ ጨመርኩ። ለካ ምክሮቹ አልተጣሉም፣ እኔ ነኝ ያጣላኋቸው።

ግን ግማሹ ጥፋት የኳሷ ነበር! ከባሕር ጠለል ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የተለየ ኳስ አለ። ሱሉልታ ከ2,500 በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ተራዋ ኳስ ትበራለች።

አሁን ከሰርቭ በኋላ ኳስ ስንመላለስ ስጨናነቅ በሰያፍ እመታለሁ፣ ኳሷ መረቡ ዝቅ በሚልበት በመሀል በኩል ታልፋለችና። መረቡ መሀል ላይ 91.4 ሴንቲሜትር፣ ምሰሶው ጋ 1.07 ሜትር ነው፤ የሜዳው ሰያፍም ከቀጥታው ከ1 ሜትር በላይ ስለሚረዝም ኳሷ የምታርፍበት ሰፊ ቦታ አላት። የከፍታ ኳሷን ማግኘት ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ልኬ ያስመጣኋቸው ሁለት የኳስ ቆርቆሮዎች አሉኝ፣ ለግጥሚያ ብቻ ነው የምከፍታቸው።