በብርድ ጠዋት ኤም 3ን እንዴት እናሙቅ?

መኪናን አስነስቶ አስር ደቂቃ አቁሞ ማሞቅ የብዙ ሰው ልማድ ነው። ኢ46 ለተባለው የቢኤምደብሊው ኤም 3 ትውልድ ግን አይበጅም። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን ያበዛል፣ ያልተቃጠለውም የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርድና ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል።

አስነሳ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቅ፣ ከዚያ በቀስታ ንዳ። የሞተሩን ዙር በደቂቃ ከ3000 በታች ያዝ፤ ግን በትልቅ ማርሽ ሞተሩን እያስጨነቅህ ቤንዚን አትርገጥ፣ ብሮንዚኑን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበትን ቤሪንግ) ይጎዳል።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የውሃው ጌጅ መሃል ስለደረሰ ሞተሩ ሞቀ ማለት አይደለም፤ ዘይቱ ከውሃው ዘግይቶ ነው የሚሞቀው፣ የዚህ ሞተር 10ደብሊው-60 ዘይት ደግሞ በብርድ በጣም ወፍራም ነው። ስለዚህ የዘይቱን ጌጅ እይ። ዙር ቆጣሪው ላይ ያሉት ብርቱካናማ መብራቶችም ዘይቱ ሲሞቅ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፣ እነሱን እመናቸው! ዘይቱ 80 ዲግሪ ሳይደርስ ወደ 8000 ዙር መውጣት የለም። ማርሽ ሳጥኑና ጎማውም ቢሆኑ የሚሞቁት በመንዳት ነው።

የአሜሪካዋን ሚኒሶታ በመሰለ ብርዳማ ቦታ ማታውን በኤሌክትሪክ የሞተር ማሞቂያ ላይ ሰክቶ ማሳደር ጥሩ ነው። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን ሞተር በፍጹም አታስነሳ፣ ጭሱ ይገድላል።